አራተኛው የቸርኬ ቆዳ

ጋሽ ሰይድ ማረፉን የሰማሁት ቆላ ድባ፣ አንድ የእህል ጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ስልኬ ሲጠራ እጄ በቅባት ተነክሮ ስለነበር ሹፌሩ አንሥቶ ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። የደወለችው ሚስቴ ነበረች። «ፈንቴ፣ ጋሽ ሰይድ አረፈ። ከቀትር ሶላት በኋላ ይቀበራል አሉ» አለችኝ። ክሪኩን ሳላወርድ ተነሣሁ። ሹፌሩ «ኧረ ጎማውን!» እያለ ከኋላዬ ሲጮህ ትዝ ይለኛል፤ ምን ብዬ እንደመለስሁለት ግን አላስታውስም።

ጎንደር ስደርስ ቀባሪው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። የሙስሊም ሬሳ አይቆይም፤ ይህን ዕድሜ ልኬን አውቃለሁ። ያም ሆኖ እኔን የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። እርጥቡን አፈር አይቼ፣ ጥቂት ቆሜ ወደ ቤቱ ሄድሁ። አራት ዓመት ሙሉ ልነግረው የፈለግሁት አንድ ነገር ነበረኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬው ሁለቱንም ጊዜ አስቁሞኛል። ሦስተኛ ጊዜ እሞክራለሁ ስል ቀደመኝ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ጋሽ ሰይድ ደግሞ በአዘዞ መንገድ ዳር ባለው የቆርቆሮ ግቢያችን፣ ከእኔ ሸራ አጠገብ ቀለም ይቀባ ነበር። መኪና ቀቢ ነው እንዳልል መኪና አይቀባም። የሚቀባው ጎማው የሚለብስበትን ክብ ብረት፣ ቸርኬ የምንለውን ብቻ ነው። በጎልማሳነቱ ሙሉ መኪና ይቀባ ነበር አሉ። ደርግ ወድቆ ሚኒባስ እንደ አሸን ሲፈላ፣ ሌላው ቀቢ ሁሉ ወደ ትልቁ ሥራ ሲሮጥ፣ እሱ ያረጀ ቸርኬ ማደስ ላይ ቀረ። ለምን ቢሉት፣ «ማኪና የሚሄደው በፊቱ አይደለም፣ በእግሩ ነው። ሁሉም ፊቱን ሲያጥብለት እግሩን ማን ይጠብለት?» ይል ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ቆቡ ነጭ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ጎንደር ውስጥ ቸርኬ የለበሰው ቀለም ሁሉ አንዳንድ ጠብታ ትቶበታል። ሚስቱ እትዬ ዘይነባ ልታጥበው ስትነሣ «ተይው፣ የሥራ ምስክር ወረቀቴ ነው» ይላታል። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ስገባ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆን አንቱ አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ምነው ፈንታሁን፣ በምን አስቀየምሁህ? እንዲህ ካራቅኸኝ ክሪክ ሲጠፋብህ ማንን ልትጠራ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ተባብለን ዐሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠራን።

ያ የሚላጥ ቀለም የመጣው በመተማ በኩል ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከሱዳን ሲመለስ ጥቂት ጣሳ የሚረጭ ቀለም ይዞለት መጣና «ይኸ ሲደርቅ ጎማ ይሆናል። ሲሰለችህ እንደ ሙዝ ልጠህ ትጥለዋለህ» አለው። ጋሽ ሰይድ አላመነም። አንድ የተጣለ ቸርኬ አጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ረጨው። በማግሥቱ ጠርዙን በጥፍሩ አንሥቶ ሳብ ሲያደርገው ቀለሙ ሳይቆረጥ ሙሉውን ተገፎ መጣ፤ የብሎኑን ቀዳዳ፣ የድንጋዩን ጭረት ሁሉ ቅርጹን ይዞ። ያን ልጣጭ በሁለት እጁ ዘርግቶ ትኩር ብሎ አየው። ስለ ቀለሙ የሚያስብ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚያየው የውስጡን ገጽ ነው።

«ፈንቴ፣ ና እይ። ቆዳው የገላውን ነገር ሁሉ ይናገራል» አለኝ።

ቸርኬው ላይ በዓይን የማይለይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበረ። ቀለሙ እዚያ ውስጥ ገብቶ ደርቆ፣ ሲላጥ ልጣጩ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ወጥቷል። ፀሐይ በጎን ሲመታው ይታያል፤ ጥላ ውስጥ ግን ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ ማንም ያልጠየቀውን ሕግ አወጣ። ማንኛውም ቸርኬ ዋናው ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ጊዜ ለምርመራ ይረጫል፣ ያድራል፣ ይላጣል። ልጣጩ ፀሐይ ላይ ተይዞ ይነበባል። መስመር ከሌለው ይቀባል፤ ካለው ዓለም ቢገለበጥ አይቀባም። የተነበቡትን አራት ልጣጮች በአንድ ሽቦ ሰክቶ፣ የሹፌሩን ስም በካርቶን ጽፎ ግድግዳ ላይ ይሰቅላቸዋል። እሱ ልጣጭ አይላቸውም፣ ቆዳ ነው የሚላቸው። ሌላ ቦታ በአንድ ከሰዓት የሚያልቀው ሥራ እሱ ዘንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። እንዲያም ሆኖ ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ነበር። «ቀለም ልብስ ነው፤ ገላ አይሆንም» የሚለውን ቃሉን ሹፌሮቹ እርስ በርስ ይባባሉታል።

ጎማውን ቀለም እንዳይነካው በጎማውና በቸርኬው መካከል ዙሪያውን የመጫወቻ ካርታ ይሰካ ነበር። ያረጀ ካርታ ከየመጠጥ ቤቱ ሲለምን አያፍርም። አንድ ቀን «ጋሽ ሰይድ፣ ካርታ ሐራም አይደለም እንዴ?» ብዬ ብተነኩሰው፣ «ሐራሙ ቁማሩ ነው። እኔ ከቁማር አውጥቼ ሥራ አስያዝኋቸው» አለኝ። ቀለሙ አምስት ጊዜ ይረጫል፤ በየመካከሉ መድረቅ አለበት። ለዚህ ሰዓት አያይም። አንድ መንዙማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በለሆሳስ ያዜማል፤ ሲጨርስ ቀለሙም ደርቋል። የቸኮሉ ሹፌሮች «ጋሽ ሰይድ፣ ስንት መንዙማ ቀረው?» እያሉ ይጠይቁታል። እኔ ማዕተቤን ያሰርሁ ሰው ቤቴ ቁጭ ብዬ የነቢዩን ውዳሴ ሳንጎራጉር ሚስቴ ሰምታ «ኧረ ምን ነክቶሃል?» ብላኛለች።

ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ለማሳየት አንድ ነገር ልናገር። አንድ የታወቀ ነጋዴ አዲስ የገዛትን የቤት መኪና አምጥቶ ቸርኬዎቿን ጥቁር አድርግልኝ አለው። ከአራቱ ቆዳ አንዱ መስመር ነበረው። ጋሽ ሰይድ አሳየው። ሰውየው ሳቀና «አንተ ቀለምህን ቀባ፤ ስለ ብረቱ ማን ጠየቀህ?» አለው። «እኔ ስንጥቅ አላለብስም» አለ ጋሽ ሰይድ። ሰውየው ስድቡን አውርዶ፣ ቸርኬዎቹን ጭኖ ሄደ። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ያንኑ ቀን ቆዳውን በቦርሳው ይዞ፣ ፀሐይ እየጠበሰው እስከ ሰውየው ሱቅ ድረስ በእግሩ ሄደና ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ «ልጆችህን በዚህ ማኪና እንዳትጭናቸው» ብሎት ተመለሰ። በሳምንቱ ነጋዴው የተሰነጠቀውን ቸርኬ ራሱ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ ወረወረውና ሄደ። ጋሽ ሰይድ ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ። እኔ ብሆን ኖሮ ቀብቼ እገላገለው ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

ዓይኑን ሞራ እየጋረደው መሆኑን ከሁሉ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ካርታ ሲሰካ በጣቱ መዳበስ ጀመረ። ቆዳ ይዞ ፀሐይ ላይ ከቆመ አይመለስም። ከዚያ ይመጣና «ፈንቴ፣ አቧራ ገባብኝ መሰለኝ፤ እስቲ እይልኝ» ይለኛል። ያ አቧራ ስድስት ወር አልወጣም። እኔም አቧራ ነው ብዬ ተስማማሁ። ሹፌሩ የሚያምነው የእሱን ዓይን ነው፤ የሚያነበው ግን የእኔ ዓይን ሆነ፤ ይህንን ለማንም አልነገርንም። እሱ አፍሮ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለቴ ማክበር ይመስለኝ ነበር።

አያ ተገኘ የዳባት ሰው ነው። ከጎንደር ዛሪማ የምትመላለስ ሚኒባስ ነበረችው። አያ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው እንጂ ቀልዱ የጎረምሳ ነበር። ያን ዓመት በቃና ዘገሊላ ዕለት ዛሪማ ላይ ሠርግ ነበረና ሙሽራዋንና ሚዜዎቹን እንዲያመላልስ ተነግሮት መጣ። «ሰይዴ፣ ቸርኬዎቼን ነጭ አርግልኝ። ሙሽራዋ ማኪናዬን አይታ ባሏን እንድትረሳ ነው የምሻው» አለ። ጋሽ ሰይድ በከተራ ዋዜማ ለምርመራ ረጨለት፤ በከተራ ዕለት ላጠው።

በከተራ ዕለት ግቢያችን መግቢያ መውጫ የለውም። ታቦት ከመውረዱ በፊት ሁሉም መኪናውን አሳምሮ መታየት ይፈልጋል። ከሸራዬ ሥር ሦስት ሹፌሮች ቆመው እየተጨቃጨቁብኝ ጎማ እፈታለሁ። ጋሽ ሰይድ አራቱን ቆዳ አምጥቶ ክንዴ ላይ አደረገልኝ። «አቧራው ዛሬም አልለቀቀኝም፤ እስቲ እይልኝ» ብሎ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ከጥላው ወጥቼ ሁለቱን ፀሐይ ላይ በደንብ አየኋቸው፤ ንጹሕ ነበሩ። አንዱ ሹፌር «ኧረ ልሂድበት፣ ታቦቱ ሊያልፈኝ ነው!» ብሎ ሲጮህብኝ ወደ ሸራዬ ተመለስሁ። ሦስተኛውን ጥላ ውስጥ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። አራተኛውን አልገለጥሁትም። ፀሐዩ ዐሥር እርምጃ ነበር የሚርቀው።

ስመልስለት «ሁሉም ፀሐይ አይተዋል?» አለኝ። ዘወትር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

«አይተዋል፤ ንጹሕ ናቸው» አልሁት።

አራቱን ሽቦ ላይ ሰክቶ ሰቀላቸው። ከዚያ አምስት መንዙማ፣ አምስት ጊዜ ነጭ። አያ ተገኘ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በማይችለው ዜማ እያጀበው ሲያስቀን ቆየ። ወደ ማታ ሲወጣ ነጭ ቸርኬው እያበራ፣ ክላክሱን እያንባረቀ ነው። እጃችንን አውለበለብንለት።

በቃና ዘገሊላ ሊማሊሞን ሲወርድ የፊት ግራ ቸርኬው ለሁለት ተከፈለ። ባዶውን ነበር፤ ሙሽራዋን ሊያመጣ እየሄደ። መሪውን ከገደሉ ወደ ተራራው ጠምዝዞ ነፍሱን አተረፈ። ግራ እግሩን ግን ብረቱ ጨፈለቀው፤ ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

በማግሥቱ ጠዋት ወሬው ግቢያችን ሲደርስ ጋሽ ሰይድ አንድ ቸርኬ እያጠበ ነበር። እኔ መንገድ ላይ ሰምቼ ስደርስ ውኃውን ደፍቶ ቁጭ ብሏል። በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄድሁና «ተገኘ» የሚለውን ካርቶን ፈለግሁ። ሽቦው ላይ ያሉት ሦስት ቆዳዎች ናቸው። አራተኛው የለም። እኔ ከመድረሴ በፊት፣ ጠዋት ወሬውን ያመጣው ሰው ሲሄድ፣ ጋሽ ሰይድ ብቻውን ግቢው ውስጥ ነበር። ዞር ስል ፊቱ ወደ እኔ ነው። «አንዷ የለችም» አልሁት። «ነፋስ ወስዷት ይሆናል» አለኝ። እኔም ነፋስ ነው ብዬ ተስማማሁ። አቧራ ሲለኝ አቧራ፣ ነፋስ ሲለኝ ነፋስ፤ እንዲያ ያለ ሰው ነበርሁ።

ሽማግሌዎች የተቀመጡት ዳባት፣ አያ ተገኘ ደጅ ላይ ነው። እሱን ከነአልጋው አወጡት። ዘመዶቹ ስለ ካሳ ሲያነሡ እጁን ዘረጋና አስቆማቸው። «እኔ ካሳ አልሻም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ያን ቆዳ ፀሐይ ላይ አይታችሁት ነበር ወይስ አላያችሁትም? እግሬን የበላው መንገዱ ነው ወይስ የሰው እጅ? ይህን ሳላውቅ አልጋ ላይ መዋል አልቻልሁም» አለ።

ጋሽ ሰይድ ተነሥቶ ቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይኔ እየጠፋ ነው፤ ለማንም አልተናገርሁም። ይቅር በለኝ» አለ።

«ያየኸው አንተ ነህ?» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አልሁ።»

«በቁርአን ትምላለህ?»

«አልምልም» አለ ጋሽ ሰይድ።

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ «ጭራሽ ሳያየው ነው የቀባው!» አለ። ሌላው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ሁለት እጆቼ ጋቢው ሥር ናቸው። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ሰይድ ሲቀመጥ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈና ጫን አደረገው። እንዲያ አድርጎ እስከ መጨረሻው ቆየ። እኔ በልቤ «ቸርኬውን የሰነጠቀው መንገዱ ነው። ሊማሊሞ ላይ አንድ ድንጋይ ይበቃል» እያልሁ ነበር። ቤቴ ሦስት ልጆች አሉ፤ ዓይኑ የማይታመን ጎሚስታ ጋ ጎማ የሚያመጣ የለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች እየደጋገምሁ ሽምግልናው አለቀ። አያ ተገኘ ይቅርም አላለም፣ ተቀይሜያለሁም አላለም። «አስገቡኝ፣ በረደኝ» ብቻ አለ።

ጋሽ ሰይድ ሳያይ ቀባ የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ጎንደር ገባ። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ ቀሩ። እሱ ግን በየቀኑ ይመጣል፤ ቆቡን ደፍቶ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል። አልፎ አልፎ ነገሩን ያልሰማ እንግዳ ቸርኬ ሲያመጣለት «ዓይኔ አያይም፤ ሂድ» ብሎ ራሱ ይመልሰዋል። መንዙማውን ተወ። ግቢው ውስጥ የጎማ መንፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ። ያን ዜማ ሳልሰማ መዋል እንዲህ ይከብደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በወር አንድ ቀን ግን ዳባት ይሄዳል። በጨርቅ ብርቱካን ቋጥሮ ይመጣል፤ እኔ ሚኒባስ ላይ አሳፍረዋለሁ። «ለምን ሁልጊዜ ብርቱካን?» ብለው፣ «የእኔ ቢላዋ ለተገኘ አይሆንም፣ የተገኘ ቢላዋ ለእኔ አይሆንም። ብርቱካን ግን ማንም አላረደው» አለኝ። በእነዚያ አራት ዓመታት ያሳቀኝ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አብሬው ልሂድ ስለው «ይህ የእኔ መንገድ ነው» ይለኛል።

መጀመሪያ የሞከርሁት እዚያው መኪና መሳፈሪያ ላይ ነው። «ጋሽ ሰይድ፣ በከተራ ዕለት እኮ እኔ...» ስለው «ሰዓቱ ደረሰ፣ እጄን ያዘኝ» ብሎ ወደ ሚኒባሱ ገባ። ሁለተኛ ጊዜ ግቢው ውስጥ ነው፤ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቶ በሰው እጅ መምጣት ከጀመረ በኋላ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አራተኛዋን ቆዳ...» ስል በጣቱ ክንዴን ፈልጎ ያዘና «ፈንቴ፣ ጎማህን ንፋ። ልጆችህ ይጠብቁሃል» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። ተነሥቼ ጎማዬን ነፋሁ። ዛሬ ያን ቀን ሳስበው አፍራለሁ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሄጄ ተቀምጬ ሳለ፣ እትዬ ዘይነባ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «ፈንታሁን፣ የቀለም ዕቃው እዚህ ምን ያደርግልኛል? ለሥራ የሚሆንህን ውሰድ» አለችኝ። ጣሳዎች፣ የሽቦ ብሩሽ፣ በላስቲክ የታሰረ ካርታ። ከሥር ወደ ነጋዴው ሱቅ ሲሄድ የያዛት ያቺ ቦርሳ ነበረች። ስከፍታት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር አገኘሁ።

«እሷን እንዳትነኪ ይለኝ ነበር» አለች እትዬ ዘይነባ። «ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንኳ እያወጣ በጣቱ ሲዳብሳት አየዋለሁ። ምንድን ናት?»

ጨርቁን ፈታሁ። ቆዳ ነው። ይዤው ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ጠዋት ነበር፣ ፀሐዩ ከጎን ይመታ ነበር። ቆዳውን አግድም ያዝሁት። ከብሎኑ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ድረስ አንዲት መስመር፣ ቀጥ ብላ። ላያት የሚፈልግ ሁሉ የሚያያት መስመር።

መንገዱ አልነበረም። እኔ ነበርሁ።

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሰው ሁሉ ለጋሽ ሰይድ የማለቅስ መስሎት ያባብለኝ ነበር፤ ለእሱም ነበር። ያን ቆዳ ከሽቦው ያነሣው ከሽማግሌ ለመሸሸግ ይመስለኝ ነበር። ከሽማግሌ ምን ይሸሽጋል? ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። የሸሸገው ከእኔ ነው። በጣቱ ዳብሶ መስመሯን አግኝቷታል፤ እኔ ካየኋት እንደማልቆም አውቋል፤ መንገዱ ነው እያልሁ እንድኖር ነው የደበቃት። ያልማለውም ለዚህ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚለው ለእሱ እውነት ነበር፤ በማያይ ዓይን ሥራ የያዘ እሱ ነው። እኔ አየሁት ብሎ ግን በቁርአን ላይ አይዋሽም። ሳያይ ቀባ የሚለውን ስም ተሸክሞ ሞተ፤ እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ ጎማ እነፋ ነበር።

በማግሥቱ ብርቱካን ገዝቼ፣ ቆዳውን በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ ዳባት ሄድሁ።

አያ ተገኘ ምርኩዙን አጠገቡ አጋድሞ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የጋሽ ሰይድን ሞት ሰምቷል። «አልቀበርሁትም» አለኝ ገና ሳልቀመጥ፤ «በዚህ እግር ማን ያደርሰኛል።» እኔም አልደረስሁም አልሁት። ከዚያ ጨርቁን ፈትቼ ቆዳውን ጭኑ ላይ አስቀመጥሁለት። አነሣው። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ስንት ጊዜ ቁጭ ብሎ አይቷልና እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ ጎኑን ለፀሐይ ሰጠው። መስመሯን አገኛት፤ በጥፍሩ ሄደባት።

«የእኔ ናት፣ አይዶለም?» አለኝ።

«ያንተ ናት።»

«ያነበባት ማን ነው?»

«እሱ እንዳነብለት ለእኔ ሰጠኝ። አላነበብኋትም። ፀሐይ አይታለች ብዬ ዋሸሁት። እሱ ያመነው እኔን ነው።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ቆዳውን ጭኑ ላይ አጥፎ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ሰይዴ አራት ዓመት እየመጣ ይቅር በለኝ አለኝ» አለ። «በሦስተኛው ዓመት እሺ አልሁት፤ ከልቤ ነው። ከዚያም በኋላ መምጣቱን አልተወም። ምነው ሰይዴ፣ ይቅር ብዬህ የለም ወይ፣ በዚህ ዓይንህ ምን ያንከራትትሃል እለዋለሁ። ገና አንድ የቀረች አለች ይለኛል። የቀረችው ምን እንደሆነች አልነግር ብሎኝ ሞተ።»

ዞር ብሎ አየኝ።

«የቀረኸው አንተ ነህ ለካ። ያንተን እሱ ሊጨርሰው አልቻለም። በል እንግዲህ፣ ዛሬ ጀምር።»

ቆዳውን አልመለሰልኝም። ቤት ውስጥ፣ አልጋው ራስጌ ላይ ሰቅሎታል። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቀን ሥራዬን ዘግቼ፣ ብርቱካን ቋጥሬ ዳባት እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም። ብርቱካኑን ግን ይቀበለኛል።